ከባኞው ሥር የተገኘ ፌስታል

ደገሀቡር በተከራየሁበት ቤት ባኞው የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። የውሃ ቦቴ ሲመጣ መጀመሪያ ሮቶው ይሞላል፣ ከዚያ በርሜሉ፣ ከዚያ ጀሪካኖቹ፤ የተረፈው ባኞው ውስጥ ይገለበጣል። ማፍሰሻው በጎማ ተደፍኖ፣ ላዩ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጣል። መታጠብ የፈለገ ሰው በጆግ እየቀዳ ከባኞው አጠገብ ቆሞ ይታጠባል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ነገር ያስቀኝ ነበር። ወር ሳይሞላኝ ግን ፊልም ላይ ባኞ ውስጥ ተንጋሎ የሚታጠብ ሰው ሳይ ውሃው ያሳዝነኝ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ማታ እስከ አፉ ሞልተነው የተኛነው ባኞ ሩብ ሆኖ አገኘሁት። የባኞ ቤቱ ወለል ደረቅ ነው። መድፈኛው ቦታው ላይ ነው። ሰባት ጀሪካን ገደማ የሚሆን ውሃ ሌሊቱን የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ።

የቤቱን ባለቤት ኤዶ እንላቸዋለን። በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዛ ነው የሚጠራቸው። ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ይኖራሉ። የጠፋውን ውሃ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት እኔን ነው፤ ሌሊት ተደብቄ ባኞው ውስጥ የተዘፈዘፍኩ መሰላቸው። ከዛ የኮሪደሩን ግድግዳ ግርጌ አዩት። እርጥበቱ ቀለሙን አሳብጦ እንደ ቂጣ አንስቶታል። ጥርጣሬው እዚያ ላይ አበቃ።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ መጣልን። ሃምሳን የተሻገሩ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ዕቃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ውሃ ጠየቁ። የኤዶ ፊት ተቀያየረ፤ ግን ሁለት ጀሪካን ተገኘ። ጋሼ ከባኞው ውስጥ ገለበጡት፣ ደፈኑት፣ ውሃው የደረሰበትን ጠርዝ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። ከዛ ውጭ ወጥተው የባኞ ቤቱ ፍሳሽ የሚያልፍበትን የፖዜቶ ክዳን አነሱ። ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ባኞው ውስጥ ያለው ውሃ ከምልክቱ በታች ወርዷል፤ ፖዜቶው ግን ደረቅ ነው።

“ውሃው ቱቦ ውስጥ አልገባም” አሉ። “የሚያመልጠው ከቱቦው በፊት ነው።”

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ይሄን አካሄድ አውቀዋለሁ። ስህተቱ ያለበትን ቦታ ከማግኘትህ በፊት የሌለበትን ቦታ እያጠበብክ ትሄዳለህ። ልዩነቱ፣ እኔ ስህተቱን ካገኘሁ በኋላ ፋይሉን ከፍቼ አስተካክለዋለሁ። ጋሼ ግን ስህተቱ የት እንዳለ በእርግጠኝነት እያወቁ ሊደርሱበት አልቻሉም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ባኞ ከታች ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ የማፍሰሻው አንገት ከላይ ይገባና ከሥር በዳዶ ይጠብቃል፤ በባኞውና በአንገቱ መካከል ጎሚኒ ይገባል። ያ ጎሚኒ ከደከመ መድፈኛው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ውሃው በአንገቱ ዙሪያ ዞሮ ይወርዳል። ከአንገቱ ቀጥሎ ሲፎን የሚባለው ጥምዝ ቱቦ አለ። ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፤ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግደው እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ያለው ከባኞው ሥር ነው። ከባኞው ሥር ደግሞ መግቢያ የለም። ሦስቱ ጎን ግድግዳ ነው። አራተኛው በብሎኬት ተገንብቶ ሴራሚክ ተለጥፎበታል። እስክሪብቶ እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አልተተወም።

ጋሼ በካቻቢቴ እጀታ ሴራሚኩን አንድ በአንድ እያንኳኩ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ከፊት እንዳይሰበር ያንን ቀለም ሴራሚክ ዛሬ ገበያ ላይ ማግኘት አይቻልም። ባኞው ይነሳ ቢባል የግድግዳው ሴራሚክ አብሮ ይረግፋል። በመጨረሻ ከኮሪደሩ በኩል ግድግዳውን ለመብሳት ወሰኑ። እኔ የስልኬን መብራት እያበራሁ፣ እሳቸው በመሮና በመዶሻ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አቧራው ሲበርድ ጭንቅላቴን አስገብቼ አየሁ። የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ፣ ግማሽ ብሎኬት፣ የደረቀ ቡኬት ክምር። በማፍሰሻው አንገት ዙሪያ፣ ጎሚኒ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ፣ ተጠቅልሎ የተጨመቀ ጥቁር ፌስታል።

ሰውየውን ተሳደብኩ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የዛሬ ስንት ዓመት ባኞውን ገጥሞ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሴራሚኩን ለጥፎ የሄደውን ሰው። ሌባ አልኩት።

ጋሼ ፌስታሉን በጣታቸው እየፈተሉ አዩኝ። “አቦ፣ ሰውየውን ተወው። ጎሚኒ አጥቶ ይሆናል። ይሄ ፌስታል ስንት ዓመት ይዟል፤ አሳፋሪ ሥራ አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ፌስታል መሆኑን እያወቀ ለምን ግንቡን ደፈነው?”

ይሄ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ። እኔ ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። ጋሼ ለያዩልኝ። መጥፎ መጋጠሚያ መሥራት አንድ ነገር ነው። መጋጠሚያው ሲለቅ ማንም እንዳይደርስበት አድርጎ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉድለት ከድህነትም፣ ከጥድፊያም፣ ካለማወቅም ሊመጣ ይችላል። ደገሀቡር ስትሆን፣ ጅግጅጋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስትቀመጥ፣ አንዲት ጎሚኒ አለመገኘት ሥራን የሚያስቆምበት ቀን አለ። ሁለተኛው ግን ምንም ማመካኛ የለውም። አንድ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ መተው ከመገንባት ያነሰ ብሎኬት ነው የሚፈጀው።

“በደንብ ቢሠራ ኖሮ እኮ መክፈቻ አያስፈልግም ነበር” የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። ስህተት ነው። ምርጡ ጎሚኒ እንኳ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሲፎኑም ቢሆን የሚሠራው ውሃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ማንም ውሃ ሳያፈስበት ከቆየ ሆዱ ውስጥ ያለው ይተናል፣ እንደ ደገሀቡር ባለ ደረቅና ሞቃት አገር ደግሞ ቶሎ ይተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ሳርስ ከ300 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። መርማሪዎቹ ለሥርጭቱ መንስኤ ናቸው ካሏቸው ነገሮች አንዱ የባኞ ቤት ወለል ሲፎኖች ውሃቸው ደርቆ መገኘቱ ነው። ሲፎኖቹ አልተሰበሩም፤ ሠሪው የሠራቸውን ያህል ደህና ነበሩ። የጎደለው ተመልሶ ውሃ የሚያፈስባቸው ሰው ነው። አንዴ ተሠርቶ ለዘላለም የሚቆም ነገር የለም። ሁሉም የሚቆመው ሰው እየተመለሰ ሲያየው ነው።

ስለዚህ ግንቡን የደፈነው ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ “ይሄ አይበላሽም” ብሏል። ወይም ደግሞ የባሰውን ብሏል፦ “ሲበላሽ እኔ የለሁም።” ለሁለተኛው የእኛ ሰው ተረት አለው። አህያዋ፣ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል፣ አለች ይባላል። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ራስ ወዳድ ስለሆነች አህያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አህያዋ ሰርዶውን አልነቀለችም፣ በማንም ላይ ክፉ አልሠራችም። ያደረገችው ነገር ከእሷ በኋላ የሚመጡትን ከሒሳብ ማውጣት ብቻ ነው።

ፕሌቶ “ሪፐብሊክ” በተባለው መጽሐፉ ስለ አንድ ቀለበት ያነሳል። አንድ እረኛ ያገኘዋል፤ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ተሰውሮም ንጉሡን ይገድላል፣ ዙፋኑን ይወስዳል። ጥያቄው፣ ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ የሚቀጥልበት ምክንያት አለው ወይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይሄ ጥያቄ የተረት ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ቀለበቱ የት ይገኛል? ለካስ በየሥራው አለ። ለግንበኛ ሴራሚክ ነው። ለእኔ ማንም የማያነበው ኮድ ነው። መክፈቻ የሚተው ሰው ከሌላው ሰው የተሻለ ልብ ኖሮት ላይሆን ይችላል። ግን ነገ አንድ ሰው ገብቶ እንደሚያይ ያውቃል፣ እያወቀም በሩን ይተዋል። ቀለበቱን በራሱ እጅ ያወልቃል።

ጎሚኒው በማግስቱ ከጅግጅጋ በመኪና ተልኮ መጣ። ጋሼ ገጠሙት፣ ዳዶውን አጠበቁ፣ ሞከሩት፤ ጠብ አላለም። ትልቁ ጭቅጭቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

“ዝጋው በቃ” አሉ ኤዶ። የኤዶ አማርኛ አንቱ የለውም፤ ለጋሼም ለእኔም አንተ ነው። “እንደ ድሮው አድርገህ ልሰነው፣ ቀለም ይቀባ።”

ጋሼ አልዘጋም አሉ። በር ይሠራበት፤ ከላሜራ፣ በአራት ብሎን የሚፈታ። ኤዶ አልወደዱትም። ኮሪደሩ እንግዳ የሚገባበት ነው፤ ግድግዳ ላይ የላሜራ ቁራጭ ያስጠላል። ደግሞስ ገንዘቡ?

ቀጥለው ያሉትን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ መልስ አልነበረኝም። “እኔ ገንዘብ የምከፍለው ዛሬ ለፈሰሰው ውሃዬ ነው። አንተ የምታስብለት ሰውዬ ማን ነው? ስሙን ታውቀዋለህ? ሲመጣ እሱ ይክፈል።”

አትናቁት፣ ጠንካራ ክርክር ነው። በስም ለማናውቀው ሰው ግዴታ አለብን ማለት በቃል ቀላል ነው። ግን የግዴታውን ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ ዛሬ ያለ፣ ስም ያለው፣ ውሃ የፈሰሰበት ሰው ነው። ጋሼ ለወደፊቱ ጠጋኝ መልካም መሆን የፈለጉት በኤዶ ገንዘብ ነው። እኔም ብሆን ሁለት ወር ቆይቼ የምሄድ ተከራይ ነኝ፤ ስለ መጪው ትውልድ መናገር ምንም አያስወጣኝም።

ጋሼ ፍልስፍና ውስጥ አልገቡም። “ኤዶ፣ ብርካ ታውቂ የለ?” አሉ። ብርካ በዚህ አገር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ በሀውድ ሜዳ ከብት አርቢው በድርቅ ወራት የሚተማመንበት። “ብርካ ሠርተሽ ላዩን በሲሚንቶ ድፍን ታደርጊዋለሽ?”

“ብርካ ሌላ ነው” አሉ ኤዶ። “ደለል ይገባዋል። ሰው ወርዶ መጥረግ አለበት።”

“በቃ፣ ራስሽ ተናገርሽው።”

ኤዶ ሳቁ፤ አልተሸነፉም ግን። ላሜራውን እኔ ልግዛ፣ የእጁን ጋሼ ይተዉት፣ ቀለሙን ኤዶ ያስቀቡ ተባባልን። ሦስታችንም ትንሽ ትንሽ ከሰርን። ያኔ እንደ ድርድር ነበር ያየሁት። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ለኤዶ ክርክር ያለን መልስ እሱ ይመስለኛል። ለማናውቀው ሰው ያለብን ዕዳ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሲጫን ግፍ ነው። ተካፍለን ስንይዘው የአንድ ላሜራ ዋጋ ነው። ደግሞ ሁላችንም በማናውቃቸው ሰዎች ድካም እየኖርን ነው። እኔ በየቀኑ የምጠቀምበት ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር ማንም ገብቶ እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ተብሎ ነው የተከፈተው። ፈጽሞ የማላገኛቸው ሰዎች በተዉት በር ገብቼ እንጀራዬን እበላለሁ።

የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ አስቡት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነገሠው ለአፄ ፋሲለደስ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ ከፋሲል ግቢ ጋር መዝግቦታል። በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይፈስሳል። ባዶ ሲሆን ወለሉም ግድግዳውም ይታያል፤ የተሰነጠቀው ይታወቃል፣ የሚጠገነው ይጠገናል። ያን ያህል ዘመን የቆየው ኖራውና ድንጋዩ ስለማይበገር ብቻ አይመስለኝም። በዓመት አንዴ የመገለጥ ግዴታ ያለበት ባኞ ነው። የእኛ ባኞ አንድም ቀን ሆዱ ታይቶ አያውቅም ነበር።

እስከዚህ ድረስ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ፌስታል ነው። የራሴን መናገር አለብኝ።

ደገሀቡር የሄድኩት ለአንድ መጋዘን የመድኃኒት ክምችት የሚመዘግብ ፕሮግራም ልሠራ ነው። መዝገቡ የሚያዘው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መድኃኒቱ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ደግሞ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቀን ይቀይራል። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን እንደምትሆን ማንም ያውቃል። እኔ ግን አንድ ምሽት ደክሞኝ፣ ማስረከቢያው ደርሶ፣ ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻዋ ጳጉሜ 6 በ2015 አልፋለች። ቀጣይዋ የምትመጣው በ2019 ነው። በ2019 እኔ እዚህ የለሁም፤ ይሄን በቃል አስቤዋለሁ፣ አስታውሳለሁ። ያቺ ቀን ስትመጣ ፕሮግራሙ “ትክክል ያልሆነ ቀን” ይልና እምቢ ይላል፤ ከዚያች ቀን በኋላ ያለው ቅየራ ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል። አንድ ቀን ማንንም አይገድልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሊሆን ይችላል። ግን ግንቡንም ደፍኜው ነበር። ኮዱ ያለው እኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል እኔ ጋ ብቻ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ከመልእክቱ በቀር የምታየው ምንም ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር ስንፍና ብቻም አልነበረም። ቁልፉ አንተ ጋ ብቻ ከሆነ ሲበላሽ የሚደወለው ለአንተ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ገንዘብ ነው። በሙያችን ስንቱ “ያለ እኔ አይሠራም” እያለ የሚኮራው የራሱን ሴራሚክ ነው። ጋሼም እኮ ግንቡን እንደነበረ ደፍነው ቢሄዱ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ቀን የማፍረሻ ሒሳብ ያገኙ ነበር።

ጳጉሜን ማስተካከል 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። በሩን መክፈት ግን ዘጠኝ ቀን። የኮዱን ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠሁ፣ የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጌ አስረከብኩ፣ መመሪያ ጻፍኩ። ከመመሪያው መጨረሻ ላይ “የማልተማመንባቸው ቦታዎች” ብዬ 11 ነገር ዘረዘርኩ። የከበደኝ እሱ ነው። መዝጋቢዋ ዝርዝሩን አንብባ ቀና አለችና “ታዲያ ለምን እንዲህ ሠራኸው?” አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። የምመልሰው አልነበረኝም። የመጨረሻ ክፍያዬም 11ዱ ነገር እስኪታይ ድረስ ሦስት ሳምንት ዘገየ። መክፈቻ የምንዘጋው ለምን እንደሆነ ያኔ ይበልጥ ገባኝ። በሩ ለሚመጣው ጠጋኝ ብቻ አይከፈትም፤ ዛሬ አጠገብህ ላለው ሰውም ይከፈታል፣ የሚታየውም ያንተ ፌስታል ነው።

ኤዶ እስከ መጨረሻው በሩን አልወደዱትም። ቀለም ካስቀቡት በኋላ እንኳ መጋረጃ ነገር ሰቀሉበት። በለቀቅኩ ዕለት ጠዋት መጋረጃውን ገልጬ አራቱን ብሎን ፈታሁ፤ እየፈሰሰ እንዳልሆነ ለማየት። ደረቅ ነው። የላሜራውን ጀርባ ሳዞረው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ጋሼ መቼ እንደጻፉት አላውቅም። የጎሚኒው መጠን፣ 1 ኢንች ተኩል፣ እና የተገጠመበት ቀን። ከሥሩ ደግሞ፣ “ዳዶውን በእጅ ብቻ አጥብቅ፣ አታስጨንቀው” ይላል።

መልሼ ገጠምኩት፣ መጋረጃውን አወረድኩ፣ ቁልፉን ለኤዶ አስረክቤ ወጣሁ።